ሜካኒኩንና የኒውክሌር ኢንጅነሩን አታራርቋቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተም ለአንባቢዎቻችሁም ይሁን። ስለ ሙያ ምርጫ ያወጣችሁትን ፅሁፍ አነበብኩት፣ ተማሪዎች እንዲህ አይነት ነገር ማግኘታቸው ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ኒውክሌር ኢንጅነሪንግ ጎበዝ ተማሪ የሚገባበት ተብሎ ከላይ ተቀመጠ፣ የከባድ ማሽን ጥገና ደግሞ ውጤት ላልመጣለት ልጅ መጠጊያ ተብሎ ከታች። እኔ እድሜዬን ዶዘርና ኤክስካቫተር ስር ተኝቼ የፈጀሁ ሰው ነኝ፣ ስለ ኒውክሌር ደግሞ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የኖርኩት፣ እና ሁለቱ ሙያዎች እናንተ ባስቀመጣችሁት ልክ የተራራቁ አይደሉም። እንደውም አንዱ ያለ ሌላው ቆሞ አይሄድም።

ጃፓን ውስጥ ካለው የፉኩሺማ የኒውክሌር ኤሌክትሪክ ጣቢያ ልጀምር። ብዙ ሰው ሪአክተሮቹ፣ አቶም እየተሰነጠቀ ሙቀት የሚወጣባቸው ማለት ነው፣ በመሬት መንቀጥቀጡ የፈነዱ ይመስለዋል። እንደዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 መንቀጥቀጡ እንደመጣ ስራ ላይ የነበሩት ሶስቱ ሪአክተሮች ወዲያው በራሳቸው ጠፍተዋል። ችግሩ ሪአክተር ጠፋ ማለት ቀዘቀዘ ማለት አለመሆኑ ነው። አቶም መሰንጠቁ ቢቆምም ነዳጁ ውስጥ የቀሩት ራዲዮአክቲቭ ነገሮች ሙቀት መስጠታቸውን ይቀጥላሉ፣ በጠፋበት ቅፅበት ከሙሉ ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆነው አሁንም አለ፣ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል ግን 3000 ሜጋዋት ሙቀት ለሚያመነጭ ሪአክተር ወደ 200 ሜጋዋት ማለት ነው። ይሄን ሙቀት ውሃ እየዞረ ካልወሰደው ነዳጁ ይቀልጣል። ውሃውን ፓምፕ ያዞረዋል፣ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፣ ከውጪ የሚመጣው መብራት ደግሞ በመንቀጥቀጡ ተቋርጧል። የቀረው ዲዝል ጀነሬተር ብቻ ነው። እና ዲዝሎቹ ተነስተው ነበር እኮ! እንደታሰበው ተነስተው ጭነቱን ተቀብለው ሰሩ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሱናሚው መጣና ጀነሬተሩንም ማከፋፈያ ሰሌዳውንም ማቀዝቀዣ ፓምፑንም አጥለቀለቀው። ጣቢያው ውስጥ ከነበሩት 13 ጀነሬተሮች ሀይል መስጠት የቀጠለው አንድ ብቻ ነበር፣ 6ኛው ሪአክተር ጋ የነበረ በአየር የሚቀዘቅዝ ዲዝል። 5ኛውና 6ኛው ሪአክተር የተረፉት በሱ ነው። የቀሩት ጋ ሰራተኞቹ ከመኪና ላይ ባትሪ እየፈቱ ወስደው ነው ጨለማ ውስጥ የነበረውን የመቆጣጠሪያ ክፍል ጌጆች (መለኪያዎች) ለማንበብ የሞከሩት።

ይሄን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ስለነዛ ዲዝሎች ነው። አብዛኛው የኒውክሌር ጣቢያ ዲዝል ከመርከብና ከባቡር ሞተር ጋር አንድ ዘር ነው፣ እኛ የምናውቀው ፒስቶን፣ የምናውቀው ኩሽኔታ፣ የምናውቀው ገቨርነር (ፍጥነት የሚቆጣጠረው ክፍል) ያለው ሞተር ነው። ልዩነቱ ተነስ ሲባል በ10 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተነስቶ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ መድረስ አለበት፣ ለዚህ ሲባል ዘይቱና ውሃው ሁሌ ሞቆ ይጠበቃል፣ በየወሩም እየተነሳ ይፈተሻል። አመቱን ሙሉ ምንም ላይሰራ ይችላል፣ የሚፈለግባት ቀን ግን ሰበብ አይሰማም። ታዲያ እሱን ሞተር ፈትቶ የሚገጥመው፣ ፊልትሮውን የሚቀይረው፣ ድምፁን ሰምቶ የሆነ ነገር ልክ አይደለም የሚለው ማነው? ሜካኒክ ነው። የኒውክሌር ኢንጅነሩ ያን ሁሉ የደህንነት ስሌት የሚሰራው ይሄ ሞተር ይነሳል ብሎ ተማምኖ ነው።

ጣቢያ ውስጥ ያለው ሰራተኛ ሁሉ የኒውክሌር ዲግሪ ያለው የሚመስለው ሰውም አለ። ዲግሪው ያላቸው ከጠቅላላው ጥቂቶቹ ናቸው፣ ብዙው ሜካኒክ፣ ኤሌክትሪሽያን፣ በያጅ፣ የመለኪያ መሳሪያ ቴክኒሻን፣ ክሬን ኦፕሬተር፣ የጨረር መከላከል ሰራተኛ ነው። አብዛኛው ሪአክተር በየ12፣ በየ18 ወይም በየ24 ወሩ ነዳጅ ለመቀየር ይቆማል፣ ያኔ ደግሞ ከውጪ በብዙ መቶ የሚቆጠር፣ አንዳንዴ ከ1000 የሚበልጥ ባለሙያ ይመጣል፣ ፓምፕ ይፈታል፣ ቫልቭ ይሞረዳል፣ ተርባይን ይከፈታል፣ ሁሉም በሳምንታት ውስጥ ማለቅ አለበት።

ግን ሁለቱን የሚያገናኛቸው ትልቁ ነገር አስተሳሰባቸው ነው፣ ለልጆቹም መነገር ያለበት እሱ ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ ስሪ ማይል አይላንድ በሚባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 የደረሰውን እንይ። ግፊት ሲበዛ የሚከፈት አንድ ቫልቭ ተከፈተ፣ ከዛ መዘጋት ሲገባው ተከፍቶ ቀረ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ያለችው መብራት ግን ተዘግቷል የሚል ነገር ነው የምታሳየው፣ ምክንያቱም መብራቷ የተገናኘችው ከቫልቩ ጋር ሳይሆን ለሶሌኖይዱ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ቫልቩን ለሚያዘው ማግኔት፣ ከሚሄደው ኤሌክትሪክ ጋር ነበር። እንዲዘጋ ትዕዛዝ መሰጠቱን ታሳያለች፣ መዘጋቱን አታውቅም። ኦፕሬተሮቹ ከ2 ሰዓት በላይ ውሃው በዛ በኩል እየፈሰሰ መሆኑ አልገባቸውም፣ ጭራሽ ውሃ በዝቷል ብለው የድንገተኛ ማቀዝቀዣውን ቀነሱት፣ መጨረሻ ላይ የነዳጁ ግማሽ ያህል ቀለጠ።

አሁን ይሄን ለማንኛውም የኤክስካቫተር ሜካኒክ ንገሩት፣ ወዲያው ይገባዋል። ዛሬ ማሽን ሁሉ በኮምፒውተር ነው፣ ላፕቶፕ ትሰካና ስክሪኑ ለሶሌኖይዱ ይሄን ያህል ሚሊአምፔር ተልኳል ይልሃል፣ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው፣ ቡሙ (የማሽኑ ክንድ) ግን አይነሳም። ለምን? ቫልቩ ውስጥ ያለችው ስፑል፣ እየተንሸራተተች ዘይቱን የምትከፍትና የምትዘጋው ዘንግ፣ በቆሻሻ ተይዛ ቆማለች፣ ትዕዛዙ ደርሷል፣ ብረቱ አልተንቀሳቀሰም። ጎበዝ ሜካኒክ እዚህ ጋ ስክሪኑን ትቶ ጌጅ አምጥቶ ግፊቱን እራሱን ይለካል። አንድ የኒውክሌር ተማሪ ይሄን በእጁ አንዴ ቢያየው ስለ ስሪ ማይል አይላንድ የሚሰጠው ሌክቸር ሌላ ትርጉም ነው የሚኖረው።

ፊልትሮም እንደዛው ነው። ማሽን ጉልበት አነሰው ተብሎ ሲመጣ ችኩል ሰው የሃይድሮሊክ ፓምፑ፣ ዘይት በግፊት እየገፋ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው፣ ይቀየር ይላል፣ ፓምፕ ደግሞ ውድ ነው። አዋቂው መጀመሪያ ዘይቱን ያሞቃል፣ ግፊት ይለካል፣ ከፓምፑ ቤት ወደ ታንከር የሚመለሰውን ዘይት መጠን ያያል፣ ከዛ የድሮውን ፊልትሮ ቀዶ ወረቀቱን በባትሪ መብራት ይዘረጋዋል። ቢጫ የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ የፓምፑ የነሐስ ክፍል እየተበላ ነው፣ ጥቁር ጎማ ካለ የሆነ ሲሊንደር ሲሉን (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎማ) እየጣለ ነው፣ ማግኔት የሚይዘው ብረት ካለ ደግሞ ሌላ ቦታ ትፈልጋለህ። ዴቪስ ቤሴ የሚባለው የኦሃዮ ጣቢያ ውስጥ የጨረር መጠን የሚከታተሉት መሳሪያዎች ፊልትሮ ዝገት በሚመስል ነገር ቶሎ ቶሎ እየተደፈነ ያስቸግር ነበር፣ እየቀየሩ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ለጥገና ሲከፍቱት በስንጥቅ የሚያፈሰው ቦሪክ አሲድ ያለበት የሪአክተሩ ውሃ የሪአክተሩን ክዳን ወፍራም ብረት በልቶት፣ ያን ሁሉ ግፊት ይዞ የነበረው ከውስጥ ያለው 1 ሴንቲሜትር እንኳን የማይሞላ የስቴንለስ ሽፋን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያ ሽፋን የያዘው ግፊት ደግሞ 150 ባር ገደማ ነው፣ 1 ባር በዙሪያችን ካለው የአየር ግፊት ጋር ይቀራረባል። ጉድጓዱ የታወቀው ሰራተኞች አንዱን ቱቦ ሲጠግኑ ቱቦው ዘመም ሲልባቸው ነው፣ በስሌት አይደለም። ፊልትሮው ግን ከዛ በፊት ሲናገር ቆይቶ ነበር።

ልዩነት የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ። ኒውክሌር የሚገባ ልጅ ሂሳብ ሊወድ ይገባል፣ ካልኩለስ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ የኒውትሮን ፊዚክስ፣ ሙቀት እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ብረት በጨረር ውስጥ ሲቆይ ምን እንደሚሆን፣ ይሄ ሁሉ አራት አምስት አመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው፣ ብዙዎቹም ማስተርስ ይጨምሩበታል። የኤሌክትሪክ ሪአክተር ያላቸው ሀገሮች 30 ገደማ ናቸው፣ ሪአክተሮቹም ከ400 ትንሽ የሚበልጡ ናቸው፣ ስለዚህ ስራው በሁሉም ቦታ አይገኝም። ግን ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም እኮ። ሆስፒታል ውስጥ አጥንትና ልብ ለማየት የሚወጋው ቴክኒሺየም 99ኤም የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ነገር የሚገኘው ከሞሊብዲነም 99 ነው፣ እሱ በብዛት የሚመረተው ደግሞ በምርምር ሪአክተር። የሞሊብዲነሙ ግማሽ እድሜ (ግማሹ የሚያልቅበት ጊዜ) 66 ሰዓት፣ የቴክኒሺየሙ 6 ሰዓት ነው፣ አከማችተህ አታስቀምጠው፣ ሪአክተር ሲቆም የበሽተኛ ቀጠሮ ይዛወራል።

ዶዘርና ሎደር ግን የትም አለ፣ የሚያውቀው ሰው የትም ስራ አያጣም። ዝም ብሎ ቡሎን መፍታት የሚመስለው ካለ ግን ተሳስቷል፣ የአሁኑ ዲዝል ኢንጀክተር ከ2000 ባር በላይ ግፊት ነው የሚሰራው፣ ውስጡ ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው፣ በቆሸሸ ጨርቅ የነካኸው ቧንቧ ሞተሩን ይገድለዋል። የሃይድሮሊክ ሰርኪዩት ስዕል ማንበብ፣ ኤሌክትሪክ መከተል፣ ማንዋል ማንበብ ሁሉ ግድ ነው።

ስለ አደጋም ልናገር፣ እዚህ ላይ ማንም እንዲያልፈው አልፈልግም። ኒውክሌር ሲባል ሁሉም ጨረር ይፈራል፣ ጥሩ፣ ግን ሰራተኛው ደረቱ ላይ ዶዚሜትር (ጨረር የሚለካ መሳሪያ) አለ፣ ዓለም አቀፉ ምክር የሰራተኛው ጨረር በአምስት አመት አማካይ በአመት ከ20 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) እንዳይበልጥ ነው፣ የወሰደው እየተቆጠረ ይመዘገባል። የሃይድሮሊክን ግፊት ግን የሚቆጥርልህ የለም። 300 ባር ካለው ቱቦ በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት በጓንት አልፎ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ሲያዩት የእሾህ ጭረት ነው የሚመስለው፣ መጀመሪያ ብዙም ላያም ይችላል፣ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ጥገና ካላገኘ ግን ጣት ከዛም እጅ ያስቆርጣል። ልጆች፣ ፍሳሽ በእጃችሁ አትፈልጉ፣ ካርቶን ያዙና በካርቶኑ ፈልጉ። ቡሙን መሬት ሳታሳርፉ፣ ግፊቱን ሳትለቁ ቱቦ አትፍቱ። ቢገባባችሁም ምንም አይደለም ብላችሁ ቤት አትሂዱ፣ ቀጥታ ሆስፒታል፣ ለሀኪሙም በግፊት የገባ ዘይት ነው በሉት።

ለአዘጋጁ ደግሞ ልመናዬ ይሄ ነው። በሚቀጥለው የሙያ ገፃችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን አውጧቸው፣ ኢንጅነሩን ስታናግሩ ሜካኒኩንም አናግሩት፣ ምን እንደሚያነብ፣ ምን እንደሚለካ፣ ብልሽት ሲያጋጥመው ከየት እንደሚጀምር ጠይቁት። የትምህርት ቤት አማካሪዎችም ማሽን የሚወድ ጎበዝ ልጅ ሲመጣላቸው ጋራዥን ከዝርዝሩ አያውጡት፣ ከፈለገ ቱታ ለብሶ ጀምሮ ኋላ ኢንጅነሪንግ ይማር፣ መንገዱ ዝግ አይደለም። ስለ ሃይድሮሊክም ስለ ዲዝልም ጥያቄ ያለው ተማሪ ካለ በናንተ በኩል ይፃፍልኝ፣ ደስ እያለኝ እመልሳለሁ፣ የኒውትሮኑን ጥያቄ ደግሞ ባለሙያ ፈልጋችሁ አስመልሱለት።

አክባሪያችሁ፣
የከባድ ማሽን ጥገና ባለሙያ