ቁንዶ በርበሬ፦ ካርዲጻ ላለችው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የላክሽልኝን የሐይቁን ፎቶግራፍ ደጋግሜ አየሁት። «ለመሆኑ ሐይቁ የተሰየመለት ፕላስቲራስ ማን ነው?» ማለትሽ ግን አሳቀኝ። እዚህ አቴንስ ተወልደሽ፣ እዚሁ ተምረሽ፣ እኔን ትጠይቂኛለሽ? በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ የአማርኛ ንባብሽ እንዳይዝግ ብዬ በደብዳቤ አደረግሁት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እኔም የሰማሁት እዚሁ አቴንስ፣ ኬሳሪያኒ ሰፈር ሳስታምማት ከነበረችው አሮጊት ነው። ከኪፕሴሊ በትሮሊ ስመላለስ ፓንግራቲ ላይ «ፕላስቲራ አደባባይ» የሚባለውን ፌርማታ በየቀኑ አልፈዋለሁ። አንድ ቀን ሾርባ እያጎረስኋት ስሙን ባነሣ እጄን ገፋ አድርጋ ግድግዳውን አሳየችኝ። ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ሪዙ የከበደ፣ ፊቱ የጠቆረ፣ ዓይኑ የጎደጎደ ወታደር ተሰቅሏል። እኔ ሁልጊዜ ባሏ ይመስለኝ ነበር። «እርሱ ባይኖር አባቴ ትንሿ እስያ፣ ዛሬ ቱርክ በሆነው አገር ቀርቶ፣ እኔም ሳልወለድ ነበር» አለችኝ።

ኒኮላኦስ ፕላስቲራስ በ1883 የተወለደ፣ አሁን አንቺ ያለሽበት አገር ሰው ነው። ቤተሰቡ ከሐይቁ ብዙ ከማትርቀው ከሞርፎቮኒ መንደር ነው፤ አባቱ ልብስ ሰፊ፣ እናቱ ጨርቅ የምትሸምን። በ1903 ተራ ወታደር ሆኖ ገብቶ ከበታች ሹምነት ተነሥቶ ነው መኮንን የሆነው። በባልካን ጦርነት ጊዜ፣ በ1913፣ ላሃናስ ላይ ባሳየው ጀግንነት «ጥቁሩ ፈረሰኛ» ተባለ። እኛ አገር የጦር ሰው በፈረሱ ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እንደሚባለው መሆኑ ነው፤ እነርሱ ግን የሰውየውን መልክ ጨመሩበት። እኔን የሚያስቀኝ ቱርኮች ያወጡለት ስም ነው፤ «ካራ ቢበር»፣ ቁንዶ በርበሬ! ያዘዘውን የኤቭዞን (የግሪክ ምርጥ እግረኛ ወታደሮች) ሬጅመንት ደግሞ «የሰይጣን ጦር» ይሉት ነበር።

በ1922 የግሪክ ጦር ትንሿ እስያ ላይ ተሸንፎ ሲፈርስ የእርሱ ሰዎች ሥርዓታቸውን ሳይለቁ እየተዋጉ አፈገፈጉ። የአሮጊቷ አባት ሴቶችና ልጆች በጋሪ ከኋላቸው ሲንጋጉ አይቷል፤ እርሱም ከመካከላቸው ነበር። ጦሩ ኪዮስና ሌስቦስ ደሴቶች ላይ እንደ ደረሰ ዐመፀ። ፕላስቲራስ ከኮሎኔል ጎናታስ ጋር ዐመፁን መራ፤ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስም ዙፋኑን ለቀቀ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አሮጊቷ ነግራኝ አታውቅም፤ እያወቀች ትዘለዋለች። ፕላስቲራስ የመራው ዐመፅ ለሽንፈቱ ተጠያቂ ናችሁ ብሎ ስምንት ሰዎችን ለፍርድ አቀረበ፤ ስድስቱ ሞት ተፈረደባቸው፤ ከነርሱም ሦስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ፣ አንዱ የጦሩ አዛዥ ነበሩ። ኅዳር 28 ቀን 1922 ጉዲ ወስደው ረሸኗቸው። ጉዲን ታውቂዋለሽ፤ በሕፃንነትሽ ትኩሳት ሲነሣብሽ አቅፌሽ የምሮጠው የልጆች ሆስፒታል ያለበት ሰፈር ነው። በ2010 የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ያንን ፍርድ ሻረው፤ ለሞቱት ምን ይጠቅማል?

ከጦርነቱ በኋላ ግሪክና ቱርክ ባደረጉት የሕዝብ ልውውጥ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ወደ ግሪክ ገባ፤ ኬሳሪያኒም ያኔ የስደተኞች ድንኳንና ደሳሳ ጎጆ ነበረች። ፕላስቲራስ በጥር 1924 ሥልጣኑን ለተመረጠው ጉባኤ አስረክቦ ከጦሩ ወጣ። በጠመንጃ ሥልጣን ይዞ በፈቃዱ የሚለቅ ስንት አለ? እዚያ ላይ ቢያበቃ እኔም እንደ አሮጊቷ ፎቶግራፉን በሰቀልሁ። ነገር ግን በመጋቢት 1933 ወዳጁ ጠቅላይ ሚኒስትር ቬኒዜሎስ በምርጫ ሲሸነፍ አልዋጥልህ አለውና በማግሥቱ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ። ከሸፈበት፤ ሸሸ። በ1935ቱ ዐመፅ ደግሞ በሌለበት ሞት ተፈረደበት። ፈረንሳይ ተሰድዶ እስከ 1944 መጨረሻ ቆየ።

ሲመለስ አቴንስ በእርስ በርስ ውጊያ ትነድ ነበር። በ1945 ለሦስት ወር ያህል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1950 እና ከ1951 እስከ 1952 ደግሞ በምርጫ ተመለሰ። ያ አስረሻኙ ሰው አሁን የሚሰብከው ምሕረትና እርቅ ነበር። ከልቡ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ መጋቢት 30 ቀን 1952፣ እርሱ በጠና ታምሞ ሳለ፣ ኮሚኒስቱ ኒኮስ ቤሎያኒስና ሦስት ጓደኞቹ እሑድ ሊነጋጋ ሲል በመኪና መብራት ተረሸኑ። የት መሰለሽ? እዚያው ጉዲ። ሠላሳ ዓመት ዞሮ ዞሮ እዚያው ሰፈር! ይህን ካወቅሁ ወዲህ በዚያ ሳልፍ በሩቁ አማትባለሁ። በዚያው ዓመት ሴቶች የፓርላማ አባላትን እንዲመርጡ የሚፈቅደው ሕግ የወጣውም በእርሱ መንግሥት ነው፤ ይህንንም አትርሺበት።

በሐምሌ 1953 ሞተ። በወታደር ታጣፊ አልጋ ይተኛ ነበር፣ የተወው ገንዘብ 216 ድራክማ ብቻ ነው፣ ወንድሙን የተሰጠውን ሥራ አስለቀቀው ይላሉ። ወሬ ሲቀባበል መወፈሩ አይቀርም፤ ድሃ ሆኖ መሞቱን ግን ጠላቶቹም አይክዱም።

ግድቡ ያለቀው በ1959 ነው። እዚያ ግድብ ይሠራ ብሎ ያሰበው እርሱ ነው ስለሚባል በስሙ ተጠራ። ወደ ምዕራብ ይወርድ የነበረውን ወንዝ በተራራው ውስጥ በዋሻ አሳልፈው ወደ ቴሳሊያ ሜዳ መለሱት። ካርዲጻ የምትጠጪው ውኃ እርሱ ነው። ከእንስሳት ሕክምናው ትምህርት ፋታ ስታገኚ ሞርፎቮኒ ውጪና መንደሩን ፎቶግራፍ አንሥተሽ ላኪልኝ።

ነገ በአውቶቡስ ካርቶን እልክልሻለሁ። ሽሮና በርበሬ፣ ትንሽ ድርቆሽም አለበት። ቁንዶ በርበሬውን በሰማያዊው ጨርቅ ለብቻው ቋጥሬዋለሁ።

እናትሽ