ያ የተሳቀበት ልጅ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ማርቆስ በሰላም ገብቻለሁ።

ሲኒማ የወሰድሽኝ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ «አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «ደክሞኝ ነው» አልኩሽ። ደክሞኝ አልነበረም፤ ከፍቶኝ ነው። እዚያው ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፣ ግን ደስ ብሎሽ ስለነበር አፌ እምቢ አለኝ።

የቆሎ ተማሪው ሰው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ውሻ የተለቀቀበትን ታስታውሻለሽ? ደበሎው አጥር ላይ ተሰቅሎ ቀረ፣ የአኮፋዳው ቁራሽ ጭቃ ላይ ተበተነ፣ አዳራሹም በሳቅ ተናጋ። አንቺም ሳቅሽ። አልፈርድብሽም፤ ልጁን አታውቂውም። እኔ ግን አውቀዋለሁ።

በ1961 ዓ.ም. 12 ዓመቴ ነበር። ቅኔ ልማር ብዬ ከቤት ጠፍቼ እዚሁ ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ገባሁ። አባቴ ሁለት ጥማድ በሬ ያላቸው ገበሬ ነበሩ፤ እቤት ብቀመጥ አይርበኝም። ግን የእናቱን እንጀራ እየበላ ቅኔ የሚማር የለም፣ የባለ ርስቱም ልጅ አኮፋዳ አንግቶ ይለምናል። አንድ ቀን ለቁራሽ ስወጣ ውሻ ባቴን ነክሶ ደበሎዬን ቀዶ ለቀቀኝ። ልጅ ሳለሽ በጣትሽ እየነካካሽ «ይሄ ምንድን ነው?» የምትይኝ ጠባሳ እሱ ነው።

በማግስቱ እያነከስኩ ቆጠራ ወጣሁ። ቆጠራ ማለት ተማሪው ለብቻው ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔውን የሚያወጣና የሚያወርድበት ሰዓት ነው። ገና ጉባኤ ቃና ላይ ነበርኩ፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ነች፣ የቅኔ መጀመሪያ። ሌላ ነገር ቢጠፋኝ ስለ ውሻው ቆጠርኩ። ሰሙ ውሻውና ደበሎዬ፣ ወርቁ ደግሞ የአዳምን የጸጋ ልብስ ያስገፈፈው እባብ። ማታ ነገራ ላይ ለየኔታ ሳሰማ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፤ አንዲት ቃል አቃኑልኝና «ይበል!» አሉ። ያን ሌሊት ቁስሌ አላመመኝም።

ፊልሙ በውሻው አላበቃም፤ የተማሪውን የኔታም ጠንቋይ አደረጋቸው። ጨለማ ጎጆ፣ ቀይ ዶሮ፣ ጭስ፣ አፍ ውስጥ የሚጉረመረም ነገር። ያ ጉርምርምታ ግዕዝ ተብሎ ነው የቀረበው፣ ግን አንድም የግዕዝ ቃል አልነበረበትም! እኛ እኮ ግሱንና እርባ ቅምሩን፣ የግዕዙን ሰዋስው ማለቴ ነው፣ ስንለፋበት ከርመን፣ አንዲት ፊደል ስትጠብቅ ሌላ፣ ስትላላ ሌላ መሆኗን ለመለየት እንቅልፍ ያጣን ነን። ስምንት ቤት ያለው መወድስ የተባለው ቅኔ ላይ እስኪደርስ ድረስ ስንቱ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። የፊልሙ ገበሬዎች አነጋገርማ የየትም አገር አይደለም፤ ጎጃም እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ክታብ የሚጽፍ ደብተራ የለም አልልሽም፣ አለ። ግን እሱ በየአገሩ አለ። ጎጃም በተባለ ቁጥር መተትና ድግምት ብቻ የሚታያቸው ለምንድን ነው? ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ስም የሆኑት በመተት ነው እንዴ? ሐዲስ ዓለማየሁን የሚያህል ደራሲ በልጅነቱ ቅኔ የተማረው እዚሁ ጎጃም ነው።

ከሁሉ የቆጨኝን ልንገርሽ። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። የአማርኛ ቴአትር ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን ከቅኔ ቤት ወጥተው አዲስ አበባ ገቡና ተውኔት ጻፉ፣ መዝሙር ደረሱ፣ ተማሪ ለመድረክ አሠለጠኑ። ዛሬ ካሜራ የያዙት ልጆች የሚቆሙበትን መድረክ ካቀኑት አንዱ ያ አኮፋዳ ያነገተ ተማሪ ነው። ይህን ቢያውቁ ውሻ አይለቁበትም ነበር። ለማወቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቅኔ ቤቱ ዛሬም አለ፣ ተማሪውም አለ፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያስረዳሉ።

ያን ቀን ዝም ያልኩብሽ ለዚህ ነው፤ በሌላ አትተርጉሚው። ለፋሲካ ስትመጪ ደብረ ኤልያስ ይዤሽ እሄዳለሁ። ያቺን ጉባኤ ቃና አልረሳኋትም፤ መንገድ ላይ እነግርሻለሁ፣ ሰሙን አንቺ ትፈቺዋለሽ።

እናትሽ ሽሮና በርበሬ ልካልሻለች፤ የሚያመጣው ሰው እሑድ ይደውልልሻል።

አባትሽ