ያቺ ጸጥ ያለች ቀን የዕረፍት ቀን አይደለችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ ከሃሪኬን (ከውቅያኖስ ከሚነሳው ብርቱ አውሎ ነፋስ) በፊት ስላለው ጸጥታ የወጣው ጽሑፍ ቀኑን የእፎይታ ጊዜ አስመስሎ ማቅረቡ አሳስቦኛል። ሰማዩ የሚጠራው አደጋው ስለራቀ ሳይሆን፣ ከአውሎ ነፋሱ አናት ወደ ውጭ የሚፈሰው አየር ዳር ዳሩን ወደ ታች ሲወርድ ደመናውን ስለሚበትነው ነው።

ሃሪኬን ካትሪና የኒው ኦርሊንስን ከተማ ከመምታቷ አንድ ቀን በፊት፣ እሑድ ኦገስት 28 ቀን 2005፣ ከንቲባ ሬይ ኔጊን ነዋሪው በግዴታ ከተማውን እንዲለቅ ያዘዙት በዚያው ዕለት ጠዋት ነበር፤ መኪና ያለው አብዛኛው ሰው ወጣ፣ የሌለው ግን በሱፐርዶም ስታዲየም በር ተሰለፈ ወይም ቤቱ ቀረ። እዚህ ሂውስተንም ቢሆን፣ ነዳጅ አልቆ የማደያው መቅጃ ላይ ላስቲክ ከተጠለቀ በኋላ መንቃት ለማንም አይጠቅምም። ይባስ ብሎ ከካትሪና በኋላ ከወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሃሪኬን ሪታ ስትመጣ፣ መውጣት የማይገባው ሰው ጭምር በአንድ ጊዜ ወጥቶ አውራ ጎዳናው በሙቀት መካከል ተዘጋ።

ስለዚህ የሃሪኬን ወቅት ከሚጀምርበት ከጁን 1 በፊት አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች መኪና የሌላቸውን አረጋውያን መዝግበው ለእያንዳንዳቸው የሚያወጣቸው ባለመኪና ቢመድቡ፣ ጋዜጣችሁም በዚፕ ኮድ (በፖስታ አድራሻ ቁጥር) የተከፋፈሉትን የመውጫ ቀጠናዎች በአማርኛ ቢያትምልን እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሂውስተን