ናሙና ለመቁረጥ ላልቸኮሉት ሐኪምና ለሥራ ባልደረቦቻቸው የቀረበ ምስጋና

ከልጃችን ጋር አብሮ የተወለደው የራስ ቅል ወለል ክፍተት በአፍንጫዋ በኩል በተደረገላት የኢንዶስኮፕ (ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ) ቀዶ ሕክምና ተዘግቶ በጤና ወደ ቤቷ ስለተመለሰች፣ እኔና ባለቤቴ በሕክምናዋ የተሳተፋችሁትን ሁሉ በአደባባይ ማመስገን እንወዳለን።

በቅድሚያ የምናመሰግነው ከአንገት በላይ ሐኪሟን ነው። አንደኛው የአፍንጫዋ ቀዳዳ ዘወትር ይደፈን ነበር፤ ከዚያው ወገን እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ይወርድ ነበር። ይህም እንደ አለርጂ ሲታከም ቆይቶ፣ ማጅራት ገትር በተደጋጋሚ ከያዛት በኋላ እንኳ ሁለቱን ችግሮች ያገናኘልን አልነበረም። በሌላ የሕክምና ቦታ በአፍንጫዋ ውስጥ የታየው እብጠት ፖሊፕ (ከአፍንጫ ልባስ የሚያድግ ለስላሳ ሥጋ) ነው ተብሎ ናሙና እንዲቆረጥ ቀጠሮ ተይዞልን ሳለ፣ ዶክተር፣ እርስዎ ግን በሕፃን አፍንጫ በአንድ ወገን ብቻ የሚታይ እብጠት ከአንጎል ጋር አለመያያዙ በምስል ሳይረጋገጥ ሊነካ አይገባም ብለው ቀጠሮውን አሰረዙልን። ስታለቅስ እብጠቱ እንደሚጨምር አስተዋሉ፤ ፈሳሹንም ለቤታ 2 ትራንስፈሪን ምርመራ ላኩት። ይህ ፕሮቲን በተራ ንፍጥ ውስጥ ስለማይገኝ፣ የሚፈሰው አንጎልን የከበበው ፈሳሽ መሆኑ ታወቀ። ሲቲ ስካኑ የአጥንቱን ክፍተት፣ ኤም አር አይው ደግሞ በክፍተቱ ሾልኮ የወረደውን የአንጎል ሽፋንና ጥቂት የአንጎል ሕብረ ሕዋስ አሳየን። ናሙናው ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ፍሰቱ ሊባባስና ሌላ ማጅራት ገትር ሊከተል ይችል እንደነበር ሲያስረዱን የተሰማንን ድንጋጤ እዚህ አንዘረዝረውም።

አብረዋቸው የሠሩትን የነርቭ ቀዶ ሐኪም የምናመሰግነው ለእጃቸው ብቻ ሳይሆን ለትዕግሥታቸውም ነው፤ የወረደው ሕብረ ሕዋስ ይወገዳል ሲሉን ለደነገጥን ወላጆች፣ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ክፍል የአንጎልን ሥራ እንደማይሠራ ደጋግመው አስረድተውናል። ከግንባር በላይ የራስ ቅልን ከፍቶ የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ገለል በማድረግ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ማሽተትን ሊያሳጣ እንደሚችልም፣ የአፍንጫው መንገድ ደግሞ በሕፃን ጠባብ ስለሆነ የራሱ ፈተና እንዳለው ሳይደብቁ ነግረውናል። ክፍተቱን ከጭኗ በተወሰደ ስስ ሽፋን ከደፈኑት በኋላ፣ የደም ሥሩ ሳይቋረጥ ከአፍንጫዋ መካከለኛ ግድግዳ በተገለበጠ ልባስ ሸፍነውታል። ፊቷ ላይ አንድም ስፌት ባለመኖሩ፣ ሊጠይቋት የመጡ ዘመዶች ቀዶ ሕክምናው በእርግጥ መደረጉን ተጠራጥረው ነበር።

የማደንዘዣ ባለሙያዋንና የክፍሉን ነርሶችም ከልብ እናመሰግናለን። ራሷን ከፍ አድርጋ እንድትተኛ፣ እንዳትናፈጥ፣ ስታስነጥስ አፏን እንድትከፍት፣ በሽንት ቤትም እንዳታምጥ ማድረግ ለአዋቂ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ሕፃንን በዚህ ሁሉ ማሳመን ግን የእናንተን ብልሃት ጠይቋል። ማጅራት ገትር ከሚያስከትሉ ባክቴሪያዎች አንዱ የሆነውን ኒሞኮከስን የሚከላከለው ክትባቷ መሟላቱን ያረጋገጡት የሕፃናት ሐኪምም ምስጋናችን ይድረሳቸው።

የልጃችን የሲቲ ስካንና የኤም አር አይ ምስሎች ስሟ ሳይጠቀስ ለተማሪ ሐኪሞች ማስተማሪያ እንዲውሉ በተጠየቅነው መሠረት እኔና ባለቤቴ ፈቃዳችንን በጽሑፍ ሰጥተናል።