ክዳን አትግጠሚበት

የኔ እናት፣

ትናንት ማታ አክስትሽ ደውላ ነገረችኝ። የጠርሙሱ ክዳን ተስፈንጥሮ ኮርኒሱን መታው አለች። ምንም አልሆነችም ብላ ብትምልልኝም እስኪነጋ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ስትቀላቅዪ ክዳን አትግጠሚበት! ጋዙ መውጫ ካጣ ጠርሙሱን ነው የሚሰብረው።

«ከአቼቶና ከሶዳ የሚሠራው ሶዲየም አሲቴት የሚባለው ጨው ለምን አልሆነልኝም?» ብለሽኝ ነበር። አቼቶ አብዛኛው ውኃ ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ በ1 ሊትር ውስጥ ያለው አሲድ 50 ግራም ያህል ነው፤ ለዚያ 70 ግራም ሶዳ ይበቃዋል። አንቺ ግማሽ ፓኬት ገለበጥሽበት። ከታች ነጭ ሆኖ የተጋገረው የተረፈው ሶዳ ነው። በማንኪያ እያደረግሽ ጨምሪ፤ መንተክተኩን ሲተው አንቺም ተዪ። አቼቶው ትንሽ ቢተርፍ ግድ የለም፣ ውኃው እንዲተን እሳት ላይ ስትጥጂው በእንፋሎት ይሄዳል። ቢጫነቱ ከአቼቶው ቀለም ነው፣ ነጩን ግዢ። የአክስትሽን የአሉሚኒየም ድስት አጥበሽ መልሺላት፤ ሶዳ ያጠቁረዋል። መስኮቱን ክፈቺ። ክዳን አትግጠሚበት፣ በእሳት ላይም ቢሆን።

እኛ እዚህ አፍዴራ የሐይቁን ውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተን ፀሐይ እስኪጠጣው እንጠብቃለን። ሊደርስ ሲል ላዩ ላይ ስስ ነጭ ነገር ይይዛል። አንቺም ያንን ስታዪ እሳቱን አጥፊ። ያንቺ ሶዲየም አሲቴት ግን ከኛ ጨው ጠባዩ ይለያል፤ ከቀዘቀዘም በኋላ ፈሳሽ እንደሆነ ሊቆይ ይችላል። ያኔ ከድስቱ ጠርዝ የደረቀ ቅንጣት ፍቀሽ ጣይበት። ዓይንሽ እያየ ይረጋል፣ ሲረጋም ይሞቃል፤ እንዳትደነግጪ። ያን ጊዜ አጠገብሽ ብሆን ምን ነበረበት!

የአጎትሽን ግራ ዓይን ስትጠይቂኝ «ልጅ ሆኖ ወድቆ ነው» እልሽ ነበር። አልወደቀም። አያትሽ ለጥምቀት ጠጅ ጥላ ነበር፤ እኔ 13፣ እሱ 9 ዓመቱ። ገበያ ስትሄድ ገና ሲፈላ በጠርሙስ ቀዳሁና አፉን በቡሽ ወትፌ ከአልጋ ሥር ደበቅኩት። ያንቺን ክዳን ያስፈነጠረው ጋዝና የጠጁ ጋዝ አንድ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። በሦስተኛው ቀን ኳሱ ከአልጋ ሥር ገባበትና ሊያወጣ ጎንበስ አለ። እኔ ደጅ ነበርኩ። አያትሽ «ማነው የደበቀው?» ስትል «እሱ ነው» አልኩ። ዓይኑ በነጠላ ታስሮ እያለ ተቆጣችው። እሱም ዝም አለ። እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላነሳብኝም። አያትሽም እውነቱን ሳትሰማ አረፈች፤ ስንት ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ መናገር እየቻልኩ።

ክዳን አትግጠሚበት፣ ልጄ። መነጽር መግዣ ለአክስትሽ ልኬላታለሁ፤ የብረት በያጆች የሚያደርጉትን ጥቁሩን ሳይሆን ነጩን፣ ጎን ለጎኑ የሚሸፍነውን። ገንዘቡን ለሌላ ነገር እንዳታውዪው። መነጽሩ ሳይገዛ ሶዳ እንዳትነኪ።

እሑድ አጎትሽ ይመጣል። ይህን ደብዳቤ አንብቢለት፣ ደቃቅ ጽሑፍ ያስቸግረዋል። ጠጁ ጋ ስትደርሺ እንዳትዘዪው።

አባትሽ