ፌስቲቫሉ ለአረጋውያኖቻችንም ይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የአይሁድ ፊልም ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ1980 በሳን ፍራንሲስኮ ከተጀመረ ወዲህ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ተለምዷል። በእኛም ከተማ በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው ያዘጋጁታል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። የእኔ ጥያቄ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ታሪክ ከመርሐ ግብሩ ጥግ ወጥቶ በዋናው ዝግጅት እንዲታይ ነው።

የፊልም ዳይሬክተር አለምወርቅ ዳቪድያንን «የበለስ ዛፍ» ያየ ሰው ስሜቴን ይረዳዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ይህ ፊልም የሚያሳየን በደርግ መጨረሻ ዘመን የነበረችውን አዲስ አበባን ነው። የአንዲት ቤተ እስራኤላዊት ልጅ ቤተሰብ ወደ እስራኤል ለመሄድ ይጠባበቃል፤ የምትወደው ክርስቲያን ልጅ ደግሞ የውትድርና አፈሳ ፈርቶ ዛፍ ላይ ይደበቃል። ተዋንያኑ የሚናገሩት አማርኛ ነው። በዚያ ዘመን ልጁን ቆጥ ላይ የሸሸገ ወላጅ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ በዚህ ፊልም ውስጥ ራሱን ያገኛል።

ታዲያ ይህን መሰሉ ፊልም ሌሊት ሲታይ አረጋውያኑ እንዴት ይምጡ? ቢያንስ አንዱ ትርኢት እሁድ ከሰዓት በኋላ ይሁን። ስለ ቤተ እስራኤል በዕብራይስጥ የተሠሩትም በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ይታዩ። ከፊልሙ በኋላ መድረኩ ለተመራማሪ ብቻ አይሰጥ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰለሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲወሰዱ ጎረቤቶቻቸውን የሸኙ እናቶች እዚሁ በመካከላችን አሉ፤ እነሱም ይናገሩ።

ለትርጉሙ ሥራ እኔና ጓደኞቼ ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ