የሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ኳርቴትና መካከለኛው ድምፅ

የሙዚቃ ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን ከወትሮው የተለየ አካሄድ ተከትሏል። ቀደም ባሉት ዓመታት የአባላት ዋና ሥራ በየበዓሉ የሚቀርቡ መዝሙሮችን ማጥናት ነበር፤ ዘንድሮ ግን አንድ ርእሰ ጉዳይ መርጠን ዓመቱን ሙሉ እርሱኑ ለማድመጥ፣ ለማጥናትና በመጨረሻም በራሳችን አቅም ለመሞከር ተስማማን። የተመረጠው ኳርቴት ነው። ኳርቴት ሲባል አራት ተጫዋቾች ወይም ዘማሪዎች ያሉት ቡድን፣ እንዲሁም ለእንዲህ ዓይነቱ ቡድን የተደረሰ ሥራ ማለት ነው። መለያው ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ አራቱም የየራሳቸው ድርሻ ያላቸው መሆኑና ከፊታቸው መሪ ሳይቆም እርስ በርስ እየተደማመጡ መጫወታቸው ጭምር ነው። በዚህ ዘገባ የሚጠቀሱት የታሪክ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ያሳለፍነው ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ (ከቫዮሊን ጥቂት የሚተልቅ፣ ድምፁም ወፈር ያለ መሣሪያ) እና አንድ ቼሎ በሚገኙበት የባለአውታር ኳርቴት ላይ ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ በተሰበሰብን ቁጥር አንድን የሙዚቃ ክፍል ደጋግመን እናደምጣለን፤ በእያንዳንዱ ዙር አባላት ከአራቱ መሣሪያዎች አንዱን ብቻ መርጠው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከታተሉታል። አንደኛውን ቫዮሊን መከተል ለማንም አልከበደም፤ ቼሎውም በጎርናና ድምፁ በቀላሉ ይለያል። ቪዮላውን ግን ብዙዎቹ ያጡት ነበር። ከአሥረኛ ክፍል አባላት አንዷ «ቪዮላው ባይኖር ምን ይጎድላል?» ስትል ጠየቀች። ይህ ጥያቄ ከዚያ በኋላ የክበቡ የዓመቱ ጥያቄ ሆነ፤ ካነሣናቸው ጉዳዮች ሁሉ ብዙ ያስተማረንም እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

መልሱን ፍለጋ ወደ ታሪክ ሄድን። በ17ኛው ክፍለ ዘመንና በ18ኛው መጀመሪያ በአውሮፓ የተለመደው የአነስተኛ ቡድን ሙዚቃ የሚዋቀረው ከላይ በሚሄዱ ሁለት ዜማዎችና ከሥር በሚደግፋቸው ባስ ሲሆን፣ በእነርሱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ የሚሞላው ሃርፕሲኮርድ የተባለው ባለቁልፍ መሣሪያ ነበር። የሃርፕሲኮርዱ ተጫዋች በባሱ ኖታ ላይ ከሰፈሩት አኃዞች እየተነሣ የጎደሉትን ድምፆች በራሱ ችሎታ ያሟላል። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ስካርላቲ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ፣ ያለ ሃርፕሲኮርድ የሚጫወቱ ሶናታዎችን፣ ማለትም የመሣሪያ ሙዚቃ ሥራዎችን፣ ደርሷል። ባለቁልፉ መሣሪያ ሲወጣ መካከሉን የመሙላት ኃላፊነት በሁለተኛው ቫዮሊንና በተለይም በቪዮላው ላይ ወደቀ፤ እርሱም ባይኖር ሙዚቃው ላይና ታች ብቻ ያለው፣ መሀሉ የተቦረቦረ ይሆን ነበር።

ኳርቴትን ዛሬ በምናውቀው መልክ ያጸናው ኦስትሪያዊው ዮሴፍ ሃይድን (1732–1809) ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ግሪዚንገር እንደሚተርከው፣ ባሮን ፉርንበርግ የተባለ ባላባት በቫይንትሲርል በነበረው ርስቱ ቄሱን፣ የርስቱን አስተዳዳሪ፣ ወጣቱን ሃይድንና አንድ የቼሎ ተጫዋች እየጠራ ሙዚቃ ያጫውት ነበር፤ አንድ ጊዜም እነዚሁ አራቱ ሊጫወቱት የሚችሉትን ሥራ እንዲደርስ ሃይድንን ጠየቀው። ነገሩ የሆነው በ1750ዎቹ ነው። አባላት ይህን ታሪክ እጅግ ወደዱት፤ ምክንያቱም ታላቁ የሙዚቃ ቅርጽ መልኩን ያገኘው በቤቱ ከተገኙት ሰዎችና ከያዟቸው መሣሪያዎች ነው። በዚያ ዘመን ኳርቴት በቅድሚያ ለተጫዋቾቹ ለራሳቸው ደስታ የሚጻፍ የቤት ሙዚቃ ስለነበር፣ የሚታተመውም አራቱ ድርሻዎች በየብቻቸው ሆነው ነበር። ሃይድን በ1772 በደረሳቸው ስድስት ኳርቴቶች ውስጥ የሁለተኛውን መክፈቻ ዜማ የሚያነሣው ቼሎው ነው፤ ከስድስቱ ሦስቱ የሚያበቁት አንዱ የጀመረውን ሐሳብ ሌሎቹ በየተራ በሚያነሡበት በፉጋ ነው። በ1781 ባጠናቀቃቸው ሌሎች ስድስት ኳርቴቶች ደግሞ አጃቢ የነበረው ድርሻ ሳይታወቅ ዜማ ይሆናል፣ ዜማውም ተመልሶ አጃቢ ይሆናል። ይህን ልውውጥ ጆሮ ከለየው በኋላ ቪዮላውን ማጣት አይቻልም።

በዚሁ ጥናት ላይ ሳለን ያገኘነው አንድ መረጃ የአባላቱን አመለካከት ለውጦታል። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ማይክል ኬሊ በትዝታ መጽሐፉ እንዳሰፈረው፣ በ1784 ገደማ በቪየና በተደረገ ግብዣ ሃይድን አንደኛ ቫዮሊን፣ ሌሎቹ ደራሲያን ዲተርስዶርፍ ሁለተኛ ቫዮሊን፣ ቫንሃል ቼሎ ሲይዙ ሞዛርት የያዘው ቪዮላውን ነው። ሞዛርት በ1785 ስድስት ኳርቴቶችን አሳትሞ ለሃይድን በስጦታ አበርክቷል። ቤትሆቨንም በወጣትነቱ በቦን ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ ይጫወት ነበር። ሹበርት በቤተሰቡ ኳርቴት ውስጥ አባቱ ቼሎ፣ ሁለት ወንድሞቹ ቫዮሊን ሲጫወቱ የእርሱ ድርሻ ቪዮላ ነበር። ከመካከል የተቀመጠ ሰው ከላይም ከታችም የሚሆነውን በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ እነዚህ ደራሲያን ቦታውን የወደዱት ለዚህ ይመስለኛል። ቤትሆቨን መስማት ከተሳነው በኋላ በ1824 እና በ1826 መካከል የጻፋቸውን የመጨረሻ ኳርቴቶች ግን በበቂ ሁኔታ አላጠናናቸውም፤ ሰባት ክፍሎቹ ሳይቋረጡ የሚፈስሱትን አንዱን ብቻ ሰምተን ለቀጣዩ ዓመት አስተላልፈነዋል።

የኳርቴት ዓይነቶች ብዙ ናቸው። ከሁለቱ ቫዮሊኖች አንዱ በፒያኖ ሲተካ የፒያኖ ኳርቴት፣ በዋሽንት ወይም በኦቦ ሲተካ የዋሽንት ወይም የኦቦ ኳርቴት ይባላል፤ አዶልፍ ሳክስ በ1846 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሳክስፎንም ከቀጭኑ ሶፕራኖ እስከ ወፍራሙ ባሪቶን ያሉ አራት ዓይነቶቹ ተሰባስበው የራሳቸውን ኳርቴት ፈጥረዋል። በጃዝ ደግሞ አንድ ዜማ ተጫዋች፣ ፒያኖ፣ ባስና ከበሮ የተለመደ ጥምረት ነው፤ በ1952 የተመሠረተው ሞደርን ጃዝ ኳርቴት በዜማው ቦታ ያስቀመጠው ዶክተር ሙላቱ አስታጥቄ በአገራችን ያስተዋወቁትን፣ የብረት ቁልፎቹ በመምቻ የሚመቱትን ቫይብራፎን ነው። በአሜሪካ የጥቁር ሕዝቦች ማኅበረሰብ ውስጥ ሥር ያለው ባርበርሾፕ የሚባለው የአራት ወንዶች ዝማሬ በተለይ አነጋግሮናል፤ በእርሱ ዜማውን የሚይዘው ከላይ ሁለተኛው ድምፅ ሲሆን፣ ባሪቶን የሚባለው ድምፅ አንዴ ከዜማው በላይ አንዴም በታች እየሆነ የጎደለችውን ድምፅ ያሟላል። ጎልደን ጌት ኳርቴት የተባለው የመንፈሳዊ ዝማሬ ቡድን በቨርጂኒያ፣ ኖርፎክ ከተማ፣ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተመሥርቶ በ1930ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ለመዘመር መብቃቱ አባላቱን አነቃቅቷል። አሜሪካዊው ክሮኖስ ኳርቴትም በ2009 ባወጣው አልበም ከበገና ደርዳሪው ከመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ የተወሰደውን «ተው ስማኝ አገሬ» ተጫውቷል።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ወደ ተግባር ገባን። ትምህርት ቤታችን ቪዮላና ቼሎ ስለሌሉት የድምፅ ኳርቴት፣ ማለትም ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ድምፅ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖርና ባስ እንዲሆን ወሰንን። የመጀመሪያው ችግር ሁሉም ዜማውን ለመያዝ መፈለጉ ነበር፤ በመሆኑም በየልምምዱ ድምፃቸው እስከፈቀደ ድረስ ድርሻ እንዲለዋወጡ አደረግን። ሁለተኛው ችግር ከበድ ያለ ነበር። የመረጥነው ዜማ በትዝታ ቅኝት የተቃኘ በመሆኑ አምስት ድምፆች ብቻ ናቸው ያሉት፤ ከሥሩ የአውሮፓን ሰባት ድምፆች ተከትለን ሦስት ድርሻ ስንጨምርበት ትዝታነቱ ጠፋ። ከብዙ ውይይት በኋላ አራቱም ድርሻዎች ከአምስቱ ድምፆች እንዳይወጡ፣ አልቶና ቴኖር ደግሞ ዜማው በሚያርፍበት ቦታ አጫጭር መልስ እንዲሰጡ አደረግን። ለዚህ አሠራር ያበረታታን በጋሞ ደጋማ ቦታዎች የሚኖሩት የዶርዜ ሰዎች ብዙ ድምፆች እየተጠላለፉ መዘመርን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁ መሆናቸው ነው። የዶርዜን ዝማሬ በቅጂ ያደመጥንበት ዕለት የዓመቱ ምርጥ ስብሰባ ነበር።

ሥራው በወላጆች በዓል ላይ ቀርቧል። ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ በሦስተኛው አንጓ ላይ ሶፕራኖዋ ፈጥና ስትገባ አልቶዋ መልሷን በማርዘም እንድትደርስባት ማድረጓ ነው፤ ማንም አልነገራትም፣ ከተመልካቹም ያስተዋለ አልነበረም። ለመጪው ዓመት ክበቡ ያቀደው ይህንኑ ዜማ በክራር፣ በማሲንቆ፣ በዋሽንትና በአንድ ድምፅ እንደገና ማቀናበር ሲሆን፣ የአልቶውን ድርሻ የትኛው መሣሪያ ይወስደዋል የሚለው ገና አልተወሰነም። አባላቱ ወደ ማሲንቆው ያደላሉ፤ እኔ ግን ክራሩ ቢሞከር እመርጣለሁ።